ቀጠሮውን የሰረዘው ማነው? የአንድ ሆስፒታል ጉዳይ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ዶክተሯ ዛሬ አትገባም። ልጇን ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው አድሯል። የዛሬዎቹን ታካሚዎች ዝርዝር ይዤ አንድ በአንድ እደውላለሁ። ሦስተኛዋ የአገሬ ሰው፣ አንዲት እናት ናቸው።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? የዛሬው ቀጠሮ አይሆንም። ዶክተሯ የለችም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ ልጄ፣ ምን ይደረጋል። ምንም አይደል» አሉኝ።

ነገሩ ግን «ምንም አይደል» የሚባል አልነበረም። ልጃቸው ሊያመጣቸው ከሥራ አስፈቅዷል። የደም ምርመራ አለ ተብለው ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። የግፊት መድኃኒታቸው የቀረው የአራት ቀን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት እየጠየቅኩ ነው። ባልጠይቅ አንዱንም አይነግሩኝም ነበር።

ስልኩን ስዘጋ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ቀጠሮውን የሰረዘው ማነው? ክሊኒኩ ወይስ ታካሚው? ከሁለቱ አንዱን ካልመረጥኩ አያሳልፈኝም።

የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ትንሽ ክሊኒክ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ ነገር ነበር የማየው። ስልኩ እየጮኸ፣ ሰው ፊቴ ቆሞ እየጠበቀ፣ የቀረበኝን ነክቼ አልፍ ነበር። ሐሳቤን የቀየረው ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ የሆነ ጉዳይ ነው። ቀጠሮ ለሚሰጥም ቀጠሮ ለሚይዝም የሚጠቅም ስለሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹም ወራቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሂዩስተን በፊት

አሜሪካ ውስጥ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ሰዎች የራሳቸው የሕክምና ሥርዓት አላቸው። የሚያስተዳድረው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ሰዉ በአጭሩ ቪኤ ይለዋል። ከ150 በላይ ሆስፒታሎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ የአካባቢ ክሊኒኮች አሉት። የተመዘገቡት ታካሚዎች ወደ 9 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

የዚህ ሥርዓት የቆየ ሕመሙ ወረፋ ነው። በ2011 መሥሪያ ቤቱ አንድ ግብ አወጣ። ታካሚ በ14 ቀን ውስጥ ሐኪም ማየት አለበት ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ የኃላፊዎች የሥራ ግምገማና ጉርሻ ከዚህ ቁጥር ጋር መያያዙ ነው። ታካሚው በዛ፣ የሐኪሙ ቁጥር ግን አብሮ አላደገም። ቁጥሩ ደግሞ ማማር ነበረበት።

በ2014 ነገሩ ፊኒክስ፣ አሪዞና ላይ ፈነዳ። ከዚያው ሆስፒታል በጡረታ የወጡ ዶክተር ሳም ፉት የሚባሉ ሐኪም፣ ሰዎች ከይፋዊው መዝገብ ውጪ ወረፋ እየጠበቁ መሆኑን ለሕዝብ ተናገሩ። መሥሪያ ቤቱን ከውስጥ የሚቆጣጠረው የቪኤ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ መረመረ። የ226 ታካሚዎችን ናሙና ወስዶ አየ። ሆስፒታሉ ለመጀመሪያ ቀጠሮ በአማካይ 24 ቀን ጠበቁ ብሎ ሪፖርት አድርጓል። በእውነቱ የጠበቁት 115 ቀን ነበር። ከዚህ በላይ 1,700 የሚሆኑ ሰዎች በይፋዊው የወረፋ ዝርዝር ላይ ጭራሽ የሉም። ይህ ሪፖርት የወጣው ሜይ 28 ቀን ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሚኒስትር ኤሪክ ሺንሴኪ ሥልጣን ለቀቁ።

ከዚያ በአገር አቀፍ ደረጃ በ731 ተቋማት ፍተሻ ተደረገ። ቀጠሮ ከሚሰጡት ሠራተኞች 13 በመቶው፣ ታካሚው ከፈለገው ቀን የተለየ ቀን እንድናስገባ ተነግሮናል አሉ። ፍተሻው ስለ 14 ቀኑ ግብም ተናግሯል። ባለው የሐኪም ቁጥር ሊደረስበት የማይችል ነበር። መሥሪያ ቤቱም ግቡን አነሳው።

ይህን ያስቀደምኩት ለአንድ ነገር ብዬ ነው። የሂዩስተኑ ጉዳይ የሆነው ከዚህ ሁሉ ጩኸት በኋላ ነው። ሚኒስትር ከወረደ፣ ኮንግረስ ሕግ ካወጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ተጠንቀቁ» ከተባለ በኋላ።

ሂዩስተን

ሂዩስተን ያለው የቪኤ ሆስፒታል ትልቅ ነው። የተሰየመው በታዋቂው የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም በማይክል ዲቤኪ ስም ነው። በሥሩ የአካባቢ ክሊኒኮች አሉት። እዚያ የቀጠሮ ስረዛ በትክክል እየተመዘገበ አይደለም የሚል ጥቆማ ለኢንስፔክተሩ ቢሮ ደረሰ። ቢሮው መርምሮ ሪፖርቱን በጁን 2016 አወጣ።

ያገኘው ይህ ነው። ሁለት የቀድሞ የቀጠሮ ክፍል ተቆጣጣሪዎችና የሁለት የአካባቢ ክሊኒኮች ዳይሬክተር፣ ሠራተኞች ስረዛን በተሳሳተ መንገድ እንዲመዘግቡ አዘዋል። ክሊኒኩ ራሱ የሰረዘውን ቀጠሮ «በታካሚው ተሰረዘ» ብላችሁ አስገቡ ማለት ነው። ከጁላይ 2014 እስከ ጁን 2015 ባለው ጊዜ 223 ቀጠሮዎች በዚህ መንገድ ተመዝግበዋል።

223 ለትልቅ ሆስፒታል ብዙ አይመስልም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ትንሽ ቁጥር መሰለኝ። ቀጥሎ ያለውን ስታዩ ግን ይከብዳል። ከነዚህ ውስጥ 94ቱ የተዛወሩት ከ30 ቀን በላይ ወደሚርቅ ቀን ነው። እነዚያ 94 ታካሚዎች በአማካይ 81 ቀን ጠብቀዋል። ሲስተሙ ላይ የሚታየው የጥበቃ ጊዜ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር።

81 ቀን እንዴት ይጠፋል? ይህን ማብራራት አለብኝ፣ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነውና።

ቪኤ በዚያን ጊዜ ቀጠሮ የሚሰጠው ቪስታ በሚባል የቆየ ሲስተም ነው። ሲስተሙ ጥበቃውን የሚቆጥረው ከአንድ ቀን ተነስቶ ነው። ያ ቀን ሐኪሙ «በዚህ ጊዜ ተመለስ» ያለበት ወይም ታካሚው «በዚህ ቀን ይመቸኛል» ያለበት ነው። ከዚያ ቀን እስከ ቀጠሮው ያለው ርቀት የጥበቃ ጊዜ ይባላል።

እንበልና አንድ አዛውንት ጁላይ 15 ተቀጥረዋል። ሐኪሙ ሳይገባ ቀረ፣ ክሊኒኩ ሰረዘ። ክፍት ቦታ የተገኘው ኦክቶበር 4 ነው። መዝጋቢው «በክሊኒኩ ተሰረዘ» ካለ የመጀመሪያው ቀን ባለበት ይቆያል። ሰዓቱ ከጁላይ 15 ጀምሮ ይቆጥራል። ሪፖርቱም 81 ቀን ይላል። «በታካሚው ተሰረዘ» ከተባለ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። አዛውንቱ በራሳቸው ፈቃድ ቀኑን እንደቀየሩ ይቆጠራል። የፈለጉት ቀን ኦክቶበር 4 ይሆናል፣ የተቀጠሩትም ኦክቶበር 4። የጥበቃ ጊዜ ዜሮ።

አዛውንቱ ግን ክረምቱን ሙሉ እየጠበቁ ነው።

ይህ በሪፖርት ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳት አይደለም። በኦገስት 2014 የወጣው ሕግ ለቀድሞ ወታደሮች አንድ በር ከፍቶ ነበር። ቪኤ በ30 ቀን ውስጥ ሊያይህ ካልቻለ፣ ውጪ ያለ የግል ሐኪም ዘንድ ሄደህ መንግሥት ይከፍልልሃል። 81 ቀን የሚጠብቅ ሰው በዚህ በር መግባት ይችል ነበር። መዝገቡ ዜሮ የሚል ከሆነ ግን በሩ መኖሩን ማን ያስታውሰዋል? አንድ የተሳሳተ ምርጫ የሰውየውን ጥበቃ ከመደበቅ አልፎ መውጫውንም ይደብቃል።

ማንን እንውቀስ?

ሪፖርቱ እንደ ምክንያት ያስቀመጠው የሥልጠናና የቁጥጥር ጉድለትን ነው። በ2014ቱ ፍተሻ ተመሳሳይ ችግር ታይቶ እያለ ነገሩ መቀጠሉንም ያነሳል። ትእዛዝ የሰጡትን ተቆጣጣሪዎች ይጠቅሳል። እኔ ሳነበው ግን ዓይኔ የሄደው ቁልፉን ወደነካው ሠራተኛ ነው።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቦታ አለቃዬ «ታካሚው እሺ ካለ ታካሚው ቀየረ ማለት ነው» ብላ አስተምራኛለች። ክፉ ሰው አልነበረችም። እሷም የተማረችው እንደዚያ ነው። እኔም አመንኳት። ደውዬ «ዶክተሩ የለም፣ ሌላ ቀን ይሻልዎታል?» እላለሁ። ታካሚው «እሺ» ይላል። እኔም «በታካሚው» የሚለውን እነካለሁ። ለስንት ሰው እንዲህ እንዳደረግኩ አላውቅም። ዛሬ ያን ሳስብ ያመኛል።

እዚህ ላይ የሰነዱን ነገር ትቼ ስለኛ ሰው ልናገር። ሂዩስተን ላይ የሆነው ተቆጣጣሪ አዞ ነው። በኛ ሰው ዘንድ ግን አዛዥም አያስፈልግም። ይሉኝታችን ሥራውን ይሠራል።

እማማ «ምንም አይደል» ሲሉኝ አልዋሹም። ሰው ማስጨነቅ አልፈለጉም። ሐኪም ደግሞ የተከበረ ሰው ነው። በሐኪም ላይ እንዴት ይቆጣሉ? «ልጇ ታሟል» ስላቸው ስለ መድኃኒታቸው ረስተው «ውይ፣ እግዜር ይማርላት» አሉ። ደግነታቸው ትክክል ነው፣ ሊቀር አይገባውም። ነገር ግን ሲስተሙ ይህን ቋንቋ አይሰማም። «እሺ» የሚለውን ቃል እንደ ፈቃድ ከቆጠርነው፣ በጣም ጨዋው ሰው በጣም ረጅሙን ወረፋ ይጠብቃል። የሚቆጣው፣ የሚጮኸው፣ «ሥራ አስኪያጁን ጥሩልኝ» የሚለው ሰው በማግስቱ ቦታ ይገኝለታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ይሉኝታው በሌላ በኩልም ይመጣል። የኛ ሰው ራሱ መቅረት ሲኖርበት ደውሎ አይሰርዝም። «ዶክተሩን ላስቀይመው ነው» ብሎ ያፍራል። ወይም እንግሊዝኛው ያስፈራዋል። ስልኩ «ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ» ሲለው ይዘጋዋል። በቃ ዝም ብሎ ይቀራል። ያኔ ሲስተሙ ሦስተኛ ቃል አለው፤ «ሳይነግር ቀረ»። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ብዙ ክሊኒኮች ለዚህ ቅጣት ያስከፍላሉ። ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ «ከዛሬ ጀምሮ አናክምዎትም» የሚል ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። በነገራችን ላይ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የሕክምና መድን፣ ያለውን ታካሚ ለቀረበት ቀጠሮ ገንዘብ ማስከፈል አይፈቀድም። እንዲህ ያለ ቢል የደረሰው ሰው ካለ ዝም ብሎ አይክፈል፣ ይጠይቅ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ የኛ ብቻ የሆነ። ሰዓት። አንድ አባት መዝገባቸው ላይ ሁለት ጊዜ «ሳይነግሩ ቀሩ» ተብለዋል። አንድ ቀን ግን በአካል መጡ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሸሚዛቸውን አሳምረው። ቀጠሮዬ ዛሬ ነው አሉ። አየሁት፣ ለጠዋት ነበር። ፈረንጆቹ በሚሉት ዘጠኝ ሰዓት። የቤተሰብ ሰው ስልኩን ተቀብሎ «ለዘጠኝ ሰዓት ነው ያሉት» ብሎ ነግሯቸዋል። እሳቸውም በዘጠኝ ሰዓት መጡ፣ በኛ ዘጠኝ ሰዓት። ያለፉትን ሁለት ጊዜያትስ ስላቸው፣ «መጥቼ ነበር፣ ተዘግቷል አሉኝ» አሉ። ዓርብ ከሰዓት እንዘጋለን። ሁለቱም ዓርብ ነበሩ።

እኚህ አባት አንድ ቀጠሮ እንኳን አልቀሩም። መዝገቡ ግን ቸልተኛ አድርጓቸዋል። ሐኪሙም ገና ፊታቸውን ሳያይ መዝገቡን ያነብባል። «ይሄ ሰውዬ አይመጣም» ብሎ ይጀምራል። ከሂዩስተን ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው። በሁለቱም ቦታ ጥፋቱ የተቋሙ ሆኖ ሳለ የተጻፈው በታካሚው ስም ነው።

አገር ቤትስ? ብዙዎቻችን የምናውቀው ካርዱን ነው። ታካሚው ከገጠር ይመጣል። ሆስፒታሉ አካባቢ አልጋ ይከራያል ወይም ዘመድ ቤት ያርፋል። በቀጠሮው ቀን ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ሐኪሙ ስብሰባ ላይ ነው፣ ወይም ማሽኑ ተበላሽቷል። ካርዱ ላይ አዲስ ቀን ይጻፍለታል። የድሮው ቀን ይሰረዛል። ማን እንደሰረዘው፣ ለምን እንደሰረዘው የሚጻፍበት ቦታ የለም። በስድስተኛው ወር «ለምን ቆየህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ግን ታካሚው ነው። አሁን ኮምፒውተር ወደ ካርድ ክፍሎች እየገባ ነው። እባካችሁ፣ ያንን ሲስተም የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን ቀን የሚያጠፋ ሲስተም አትሥሩ። አዲሱ ቀን ከድሮው ሥር ይጻፍ።

ከሪፖርቱ በኋላ

ሂዩስተን ላይ ኢንስፔክተሩ ሥልጠና እንዲሰጥ፣ ስረዛዎች እንዲመረመሩ፣ ሠራተኛው ደንቡን መከተሉ እንዲረጋገጥ አሳሰበ። በዚያው ዓመት፣ በጁላይ 2016፣ ቪኤ ስለ ቀጠሮ አሰጣጥ አዲስ መመሪያ አወጣ። ክሊኒኩ ሲሰርዝ የመጀመሪያው ቀን መያዝ አለበት የሚለው መርሕ እዚያም አለ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በማርች 2020 ኮሮና መጣ። ሆስፒታሎች አጣዳፊ ያልሆነውን ሁሉ ሰረዙ። መሰረዛቸው ትክክል ነበር፣ ሌላ ምርጫም አልነበረም። ኢንስፔክተሩ በኋላ ቆጥሮ እንዳገኘው፣ ከማርች 15 እስከ ሜይ 1 ባለው ጊዜ ብቻ ቪኤ ውስጥ ወደ 7.3 ሚሊዮን ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። ለአብዛኞቹ ክትትል እንደተደረገ የሚያሳይ ምልክት አለ። በስልክ ተነጋግረዋል፣ ወይም ሌላ ቀን ተይዟል። ወደ 2.3 ሚሊዮን የሚሆኑት ግን ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ተሰረዙ፣ ከዚያ ዝም።

ስለ ሂዩስተን ሳስብ ይህን ቁጥር አብሬ የማስበው፣ ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ ስለሚመስሉኝ ነው። ሂዩስተን ላይ የሰረዘው ሰው ስም ተቀየረ። በ2020 ደግሞ ከስረዛው በኋላ መልሶ የሚደውለው ሰው ጠፋ። ለታካሚው ውጤቱ አንድ ነው። ቤቱ ተቀምጦ «ይደውሉልኛል» እያለ ይጠብቃል።

እኛ ጋ የቀየርነው

የኛ ክሊኒክ ትንሽ ናት። ሁለት ሐኪሞች፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት እንግዳ ተቀባዮች። ስለዚህ ለመቀየር ስብሰባም አላስፈለገም። የሂዩስተኑን ነገር ለሥራ አስኪያጃችን በምሳ ሰዓት ነገርኩት። «እኛስ እንዴት ነው የምናደርገው?» አለኝ። ያለፉትን ሳምንታት ስረዛዎች ከፍተን አብረን አየን። «በታካሚው» ከተባሉት ውስጥ ዶክተሯ ሥልጠና ላይ በነበረችባቸው ቀናት የተሰረዙ ነበሩ። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ እንቀይረው አለ።

መጀመሪያ የወሰንነው ስለ ቃሉ ነው። ስልኩን ያነሳው ማነው? እኛ ከደወልን የሰረዝነው እኛ ነን። ታካሚው እሺ አለም፣ አመሰገነም፣ ሌላ ቀን ራሱ መረጠም፣ ለውጥ የለውም። ይህን ስንወስን የክሊኒኩ ቁጥር ከፍ አለ። ለአለቃ የሚላክ ሪፖርት ላይ አያምርም። ሥራ አስኪያጃችን ግን አልሸሸም፣ ለዚህም አከብረዋለሁ።

ሁለተኛው የመጀመሪያው ቀን ነው። ሲስተማችን አዲስ ቀን ሲገባ የድሮውን ወደ ውስጥ ይደብቀዋል። ስለዚህ ማስታወሻው ላይ በእጃችን እንጽፋለን። «መጀመሪያ የተቀጠሩት በዚህ ቀን፣ የሰረዝነው እኛ።» ቦታ ሲከፈት የምንደውለው በቅርብ ለተቆጣው ሰው አይደለም። የመጀመሪያ ቀኑ ከሁሉ ለቀደመው ሰው ነው።

ሦስተኛው፣ ለኔ ትልቁ፣ ከመደወል በፊት ያለው ነው። ዶክተሯ እንደማትገባ ሲታወቅ ዝርዝሩን መጀመሪያ ነርሷ ታየዋለች። ስኳር ያለበት፣ ቁስል የሚታይለት፣ መድኃኒት የሚያልቅበት ማነው? አንዳንዱ ሊሰረዝ አይችልም፣ ወደ ሌላው ሐኪም ይዛወራል። ይህን ማየት የእንግዳ ተቀባይ ሥራ አይደለም፣ ሊሆንም አይገባም። ቀድሞ ግን እንደ ስልክ ማውጫ ከላይ ወደ ታች ነበር የምደውለው።

ስደውል ደግሞ «ይመቸዎታል?» ብዬ አልጠይቅም። ለኛ ሰው ይህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። «መድኃኒቱ ስንት ቀን ይቀረዋል?» እላለሁ። «ማን ነበር የሚያመጣዎት? ያ ሰው ሌላ የሚችልበት ቀን መቼ ነው?» እላለሁ። «ምግብ ሳይበሉ ነው? እንግዲህ አሁን ይብሉ» እላለሁ። አዲሱን ቀን ሳልይዝ ስልኩን አልዘጋም። «መልሰው ይደውሉልን» የሚባለው ነገር ቀርቷል። ሰዓቱን ስናገር «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በፈረንጆቹ ዘጠኝ» ብዬ ሁለቱንም እናገራለሁ። ከቤተሰብ አንድ ሰው ጋርም እደግመዋለሁ፣ በቴክስትም በአማርኛ እልካለሁ። አማርኛ የማይችሉ የሥራ ባልደረቦቼ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ታካሚዎች ይህን መጠየቅ መብታችሁ መሆኑን እወቁ።

ታካሚው ራሱ ለሚሰርዘው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን። ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ለማስታወስ ስንደውል «መምጣት ካልቻሉ ይንገሩኝ፣ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው እሰጠዋለሁ» እንላለን። በይሉኝታ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ነገሩን ገልብጦ ያሳየዋል። ቀጠሮ መሰረዝ ሐኪም ማስቀየም መሆኑ ቀርቶ ለሌላ ሰው ቦታ መልቀቅ ይሆንለታል። ከዚያ ወዲህ ደውለው የሚሰርዙ የአገሬ ሰዎች ሲበዙ አይቻለሁ። «ለሌላ ሰው ስጪው ልጄ» ይሉኛል፣ እንደ ስጦታ።

የዘጠኝ ሰዓቱን አባት መዝገብም አስተካከልን። ሁለቱን «ሳይነግሩ ቀሩ» አነሳንና «ሰዓቱ በትክክል አልተነገራቸውም» ብለን ጻፍን። ለሐኪሙም ነገርኩት።

ለእማማ ነርሷ ዶክተሯን በስልክ አግኝታ መድኃኒታቸው እንዲሞላላቸው አደረገች። ለደም ምርመራው ግን ልጃቸው የሚችልበትን ቀን መጠበቅ ነበረባቸው። በስድስተኛው ቀን አንድ ሰው ደውሎ ሰረዘ። ዝርዝሩን አየሁ፣ የመጀመሪያ ቀናቸው ከሁሉ የቀደመው እሳቸው ነበሩ። ደወልኩ።

«እማማ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በፈረንጆቹ ዘጠኝ፣ ቦታ ተገኝቷል። ልጅዎ ይችላል?»

«ሌላ የባሰበት ሰው የለም ወይ ልጄ?» አሉኝ።

«ተራው የርስዎ ነው» አልኳቸው።